ፖይንት ቱ ፖይንት ሊንክ፦ ስለ አንቴና መስቀልና ማነጣጠር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ግቢ በሬዲዮ፣ ማለትም ኔትወርክን ያለ ገመድ በአየር በሚያሻግር መሣሪያ፣ ለማገናኘት (ፖይንት ቱ ፖይንት ሊንክ የሚባለው ይኸው ነው) የሚፈልጉ ሰዎች ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው ይለያያል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ምን ያህል ሲግናል ማግኘት እንዳለባቸው ሳያውቁ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በአንድ ሊንክ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፦ ርቀቱ 8 ኪ.ሜ፣ ፍሪኩዌንሲው 5.8 ጊጋኸርዝ፣ በሁለቱም ጫፍ 40 ሳ.ሜ ዲሽ። የእናንተ ከዚህ ከተለየ ቁጥሩን ቀይራችሁ ሥሩበት።

ሬዲዮ ከምሰቅል ለምን ፋይበር አልዘረጋም?

መዘርጋት ከቻላችሁ ዘርጉ። ሬዲዮ የሚመረጠው መሐሉ ላይ ወንዝ፣ የሰው ይዞታ ወይም መቆፈር የማይፈቀድ መንገድ ሲኖር ነው። መንገድ በተቆፈረ ቁጥር መስመሩ ሲቆረጥበት የከረመ ሰው ሬዲዮን በመጠባበቂያነት ቢይዝም አይፈረድበትም።

ከኛ ጣሪያ ላይ ያኛው ሕንፃ ይታያል። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ዓይን የሚያየው በቀጭን መስመር ነው። ሬዲዮ ግን ጥጥ እንደተጠቀለለበት እንዝርት ነው፤ ሁለቱ ጫፍ ላይ ይቀጥናል፣ መሐሉ ላይ ያብጣል። ይህ ያበጠው ቦታ ፍሬኔል ዞን ይባላል። በምሳሌያችን ሊንክ ላይ መሐል ቦታው ላይ፣ ማለትም ከሁለቱም ጫፍ 4 ኪ.ሜ ላይ፣ ከመስመሩ እስከ ዳር ያለው ስፋት 10 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 6 ሜትሩ፣ ንጹሕ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ምድር ክብ ስለሆነች በ8 ኪ.ሜ መሐል ላይ 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ ትነሣለች። ስለዚህ መሐሉ ላይ ያለ ዛፍ ጫፉ ከእይታ መስመራችሁ ቢያንስ 7 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። «በቅርንጫፉ ላይ አሻግሬ ዲሹን አየዋለሁ» የሚል ሰው ሊንኩ እንደሚሠራ ሳይሆን እንደሚያስቸግረው እየነገረኝ ነው።

ዛፍ ካልኩ አይቀር ስለ ባሕር ዛፍ ልናገር። አንድ ጊዜ በጥቅምት ወር የሰቀልኩት ሊንክ ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ቀን ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሬዲዮ ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ቻናል (ሬዲዮው የሚሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ክፍል) ቀየርኩ። በመጨረሻ መስመሩን በእግሬ ሄድኩበትና ገና ስሰቅል ትከሻዬን የማያልፍ የነበረው የባሕር ዛፍ ችግኝ ቁመቱ ከቤት በላይ ሆኖ አገኘሁት። እርጥብ ቅጠል 5 ጊጋኸርዝን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ባለቤቱ ሲቆርጠው እፎይ አልኩ፤ ግን ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ረስቼው ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ባሕር ዛፍ ያለበትን ቦታ ሳይ ዛሬ ያለውን ቁመት ሳይሆን የአምስት ዓመቱን አስልቼ ፖሉን ከፍ አደርጋለሁ።

መሐል ላይ ጋራ ካለስ? ትልቅ ዲሽ ያሳልፈዋል?

አያሳልፈውም። ከመሐል አዲስ አበባ ሱሉልታ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው እንጦጦ መሐል ላይ ቆሞበታል፤ ዲሽ ቢተልቅ ጋራ አይበሳም። መፍትሔው ሁለቱንም ወገን የሚያይ ከፍታ ላይ መቀባበያ ማቆም ነው። ያ ማለት ሁለት ሊንክ፣ አራት ሬዲዮ፣ እንዲሁም እዚያ አናት ላይ መብራትና ጥበቃ ማለት ነው። ዋጋውን ስትጠይቁ ይህን ሁሉ ጨምራችሁ ጠይቁ። ጋራ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ጎግል ኧርዝ ላይ በሁለቱ ቦታዎች መሐል መስመር አስምራችሁ የከፍታውን ገጽታ ማውጣት በቂ ነው። ዛፍና ሕንፃ ግን እዚያ ስለማይታዩ በእግር መሄዱ አይቀርም።

ጣሪያ ላይ ከመውጣቴ በፊት ምን ላስላ?

ይህችን ጥያቄ ሁሉም ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ሥራዬ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ሒሳቡ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ሬዲዮው የሚልከው 25 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ነው እንበል። የዚህኛው ዲሽ ጌይን፣ ማለትም ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ የሚጨምረው፣ 24 ዲቢ (የመጨመርና የመቀነስ መለኪያ)፣ የዚያኛውም 24። ሲደመር 73። በ8 ኪ.ሜ ርቀት በ5.8 ጊጋኸርዝ ባዶው አየር የሚበላው 126 ዲቢ ነው። 73 ሲቀነስ 126፣ ኔጌቲቭ 53 ዲቢኤም። በቃ፣ ያ ነው ቁጥራችሁ። ወረቀት ላይ ጻፉትና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

ርቀቱ ለተለየባችሁ፦ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር 6 ዲቢ ይቀንሳል፣ በግማሽ ሲያጥር 6 ዲቢ ይጨምራል። 4 ኪ.ሜ ቢሆን ኔጌቲቭ 47፣ 16 ኪ.ሜ ቢሆን ኔጌቲቭ 59 ማለት ነው። 3 ዲቢ ሲጎድል ደግሞ ኃይሉ በግማሽ ወረደ ማለት ስለሆነ «ሦስት ብቻ ነው የጎደለው» አይባልም።

ጣሪያ ላይ ያገኛችሁት ቁጥር ከወረቀቱ በ2 ወይም በ3 ዲቢ ውስጥ ከሆነ ማሰር ትችላላችሁ። በ10 ከራቀ የሆነ ነገር አለ። ኢንተርኔቱ «እየሠራ ነው» ብላችሁ አትውረዱ። ዛሬ የሚሠራው ዛሬ ሰማዩ ጠርቶ ጎረቤትም በዚያው ቻናል ሬዲዮ ስላልሰቀለ ነው።

ትልቅ ዲሽ ብገዛ አይሻልም?

ሁልጊዜ አይደለም። 40 ሳ.ሜ ዲሽ በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚፈነጥቀው ጨረር 8 ዲግሪ ያህል ስፋት አለው፤ 60 ሳ.ሜው ወደ 6 ዲግሪ ይጠባል። ጠባቡ የጎረቤትን ረብሻ ይቀንስላችኋል። ግን ማነጣጠሩ ይከብዳል፣ ነፋስም ይበዛበታል፤ የሚወዛወዝ ፖል ላይ ትልቅ ዲሽ ማሰር ሸራ ማሰር ነው። አጭር ሊንክ ላይማ ጉዳት አለው። 500 ሜትር ላይ ሁለት ትልልቅ ዲሾች አፋጥጦ ሲግናሉ ከኔጌቲቭ 40 በላይ (ማለትም ይበልጥ ወደ ዜሮ የቀረበና የበረታ) ሲሆንበት «እንዴት ያለ ጥራት!» ያለ ሰው አውቃለሁ። ሰው ጆሮ ውስጥ ሲጮኹበት ቃሉን እንደማይለየው ሁሉ ሬዲዮም ይደነቁራል። እንዲህ ሲሆን የመላኪያ ኃይሉን ቀንሱ።

ፖሉ ምን ዓይነት ይሁን?

ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ኮንክሪት ወይም ወፍራም ግድግዳ ላይ የታሰረ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በሚስማር የተመታ ቱቦላሬ አይሆንም፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ዲሹም አብሮት ይሄዳል። ረጅም ከሆነ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥሩት።

ከሁሉም በላይ ቀጥ ያለ ይሁን። ግንበኛው የሚጠቀምበትን ውኃ ልክ ውሰዱና በሁለት ጎን ለኩት። ፖሉ 2 ዲግሪ ካዘመመ፣ ዲሹን ወደ ግራና ቀኝ ባዞራችሁ ቁጥር ሳታውቁት ወደ ላይና ወደ ታችም እያዞራችሁት ነው። ግማሽ ቀን የሚያባክነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እሺ፣ እንዴት ነው የማነጣጥረው?

መጀመሪያ ሁለቱንም ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ አገናኟቸው። አድራሻው፣ የይለፍ ቃሉ፣ ፍሪኩዌንሲው፣ የርቀት ማስተካከያው ሁሉ እዚያው ይለቅ፤ ኃይላቸውን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሯቸው። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስክሪኑን እየሸፈነው የይለፍ ቃል መጻፍ ቅጣት ነው። የቻናሉንም ስፋት ለማነጣጠሪያ 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት።

ከዚያ አቅጣጫ። የስልክ ኮምፓስ አትመኑ፤ ከብረት ፖልና ከቆርቆሮ ጎን ሆኖ ያሻውን ነው የሚናገረው። ይልቅ ካርታው ላይ መስመሩ የሚያልፍበትን የሚታይ ነገር ፈልጉ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ሚናራ፣ የቴሌ ታወር። ዲሹን ወደዚያ አዙሩት። ሩቁ ጫፍ ከሌላው ቤት አልለይ ካለ ጓደኛችሁ እዚያ ሆኖ በእጅ መስታወት ፀሐይ ያንጸባርቅላችሁ። በጠራ ጠዋት 8 ኪ.ሜ ላይ ብልጭታው ወለል ብሎ ይታያል። ብዙ ብር የወጣበት መሣሪያ ይዤ ይህችን ዘዴ እስካሁን አልተውኳትም።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ አንድ ሰው በየጫፉ፣ ስልክ ከፍቶ። ደንቡ አንድ ነው፦ አንዱ ሲያዞር ሌላው አይነካም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ካዞሩ ቁጥሩ ለምን እንደተለወጠ የሚያውቅ የለም።

ከፍታና ዝቅታውን በግምት አስተካክላችሁ እሰሩና ወደ ግራና ቀኝ ብቻ አዙሩ። በቀስታ፣ በጣት ስፋት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቁሙ፤ የሬዲዮው ንባብ ከእጃችሁ ወደ ኋላ ይቀራል። ቁጥሩ ከፍ እያለ ሄዶ መውረድ ሲጀምር አትቁሙ፤ 3 ዲቢ እስኪወርድ ሂዱና ፖሉ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ተመልሳችሁ በሌላውም ወገን 3 ዲቢ እስኪወርድ ሂዱና ምልክት አድርጉ። መሐላቸው ነው ትክክለኛው ቦታ። ከፍተኛውን ቁጥር በዓይን ከመያዝ ይህ ይበልጣል፤ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲግናሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንድ ሁለት ዲግሪ ብትንቀሳቀሱም አይነግራችሁም። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች በዚሁ መንገድ። ከዚያ ተራው የወዲያኛው ነው። ከዚያ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ይድገሙ።

ወደ ላይና ወደ ታቹን ሰው ያበዛዋል። ሩቁ ቦታ በ150 ሜትር ከፍ ቢል በ8 ኪ.ሜ ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ለዓይን ተራራ ይመስላል፤ ለዲሹ ግን በጭንቅ የሚታይ ማዘንበል ነው።

ሲያልቅ ዳዶዎቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ ዲሹ ይጠመዘዛል። እያጠበቃችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ 2 ዲቢ ከጠፋ ፈትታችሁ እንደገና።

ጨረሩ 8 ኪ.ሜ ላይ ሲደርስ ሰፊ ከሆነ ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። 8 ዲግሪ ጨረር እዚያ ሲደርስ ከ1 ኪ.ሜ በላይ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሊንኩ በደፈናውም ይያዛል። ነገር ግን በጨረሩ ዳር መያዝ 3 ዲቢ ያስከፍላል። ሁለቱም ጫፍ ዳር ላይ ከሆኑ 6 ዲቢ። የ8 ኪ.ሜ ዕቃ ገዝታችሁ የ16 ኪ.ሜ ሊንክ ሠራችሁ ማለት ነው።

ሲግናል አለኝ፤ ግን ከስሌቱ 20 ዲቢ ያህል ያንሳል። ምን ሆኖ ነው?

ሳይድ ሎብ ላይ ናችሁ። ዲሽ ዋናውን ጨረር ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ በግራና በቀኙ ትንንሽ ጨረሮች አሉት። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ኔጌቲቭ 72 አግኝቼ፣ ግራ ሳዞር ይወርዳል፣ ቀኝ ሳዞር ይወርዳል፣ «ጫፉን አገኘሁት» ብዬ አሰርኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሬዲዮውን ስወቅስ ዋልኩ። በማግስቱ አንድ አዛውንት የታወር ሠራተኛ መጥተው «ልጄ፣ ትንሿን ጉብታ ነው የወጣኸው፤ ሸለቆውን ተሻገር» አሉኝ። ሲግናሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አዞሩት። እኔ ልቤ ቆመ። እሳቸው ቀጠሉ። ከመጀመሪያው ቦታ 12 ዲግሪ ያህል ርቆ ኔጌቲቭ 54 ላይ ቁጭ አለ።

ስለዚህ ጫፍ ያገኛችሁ ሲመስላችሁ ከዚያ ወዲያና ወዲህ 20 ዲግሪ ያህል ጠርጋችሁ እዩ። ሳይድ ሎብ ካልሆነ፣ መስመሩ ላይ የሚከልል ነገር አለ ወይም የኬብል ኮኔክተር ተበላሽቷል።

አንዱ ቻይን ጥሩ ነው፣ ሌላው በ10 ዲቢ ያንሳል።

ቻይን ማለት ሬዲዮው በዲሹ ከሚልክና ከሚቀበልባቸው ሁለት መንገዶች አንዱ ነው፤ አንዱ ቁም፣ ሌላው አግድም። ዲሹ በጎኑ ዞሯል፣ ኮኔክተር ውኃ ገብቶበታል፣ ወይም ፍሬኔል ዞኑ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቷል። ሁለቱም ቻይን በ3 ዲቢ ውስጥ መቀራረብ አለባቸው።

ሲግናሉ ልክ እንደ ስሌቱ ነው፤ ፍጥነት ግን የለም።

በከተማ የሚበዛው ይህ ነው። ሲግናል የምታገኙት ነው፤ ወሳኙ ግን ከጫጫታው በላይ ምን ያህል ከፍ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ አናት ላይ ቆማችሁ የሬዲዮውን የፍሪኩዌንሲ መቃኛ ብትከፍቱት መርካቶ በቅዳሜ ነው። ቃኙ፤ በሁለቱም ጫፍ ቃኙ፤ ምክንያቱም ጫጫታው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባዶውን ቦታ ምረጡ። የቻናል ስፋትንም አትስገብገቡበት። ከ40 ወደ 80 ሜጋኸርዝ ስታሰፉ የምትሰበስቡት ጫጫታም እጥፍ ይሆናል። ንጹሕ 20 ከቆሻሻ 80 ይበልጣል።

ክረምት ሲገባ ይቋረጣል?

በ5 ጊጋኸርዝ ዝናብ ራሱ ብዙም አያሰጋም፤ በ8 ኪ.ሜ ላይ ዶፍ ቢወርድ የሚጎድለው ጥቂት ዲቢ ነው። ክረምት ላይ የሚቋረጥ የ5 ጊጋኸርዝ ሊንክ ካለ ኮኔክተሩን፣ ቅጠሉንና ፖሉን ጠርጥሩ። ኬብሉ ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ይውጣ፣ ውኃው ከቀለበቱ ግርጌ ይንጠባጠባል። 60 ጊጋኸርዝ ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱን ከባድ ዝናብ ብቻ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ራሱ ስለሚበላው ለአጭር ርቀት ካልሆነ አትመኑት።

መብረቅስ?

ይሄ ያሳስባችሁ። ሬዲዮ የሚገድለው ብዙ ጊዜ በቀጥታ የወረደ መብረቅ አይደለም፤ በአካባቢው ሲወርድ ኬብሉ ላይ የሚፈጠረው ኃይል የኔትወርክ ፖርቱን ያቃጥለዋል። ሬዲዮው ይበራል፣ ፖርቱ ግን ሞቷል። ለውጭ የተሠራ፣ የብረት መሸፈኛ ያለው ኬብል ተጠቀሙ። ፖሉን በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር አያይዙት። የሰርጅ መከላከያ ላይም ታችም አድርጉ። ዘንጉ ዙሪያ ከሰልና ጨው መሙላት የተለመደ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ጨው መዳቡን ስለሚበላው በየጊዜው ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሊንኩ እንዳይጠፋ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ አስቡ። አንዱ ጫፍ ብቻ ባትሪ ኖሮት ሌላው ከጨለመ ምንም አልተሠራም።

በሐይቅ ላይ ሲያልፍ ልዩ ነገር አለው?

አለው። ከባሕር ዳር በጣና ላይ ወደ ዘጌ የሚያልፍ ሊንክ አስቡ። ምንም የሚከልለው የለም፣ ስለዚህ ቀላል ይመስላል። ግን ውኃው መስታወት ነው፤ ሲግናሉ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ከውኃው ነጥሮ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። ጠዋት ረጋ ሲል ሌላ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ሌላ ቁጥር ታያላችሁ። አንዱን ጫፍ በጣም ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ነጥሮ የሚመጣውን የዳርቻው ዛፍ ወይም ሕንፃ እንዲጋርደው አድርጉ። ዲሹን በአንድ ሜትር ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ ትልቅ ለውጥ ሲያመጣ አይቻለሁ።

የሳተላይት ዲሽ የሚሠራልን ልጅ ይሠራልኛል?

እጁ የፈታ ከሆነ ከብዙ የኔትወርክ ባለሙያ ይሻላል፤ ዳዶ አጠባበቅ ያውቃል፣ ጣሪያ አይፈራም። ልዩነቱን ብቻ ንገሩት። ኢትዮሳትን ሲፈልግ ሳተላይቱ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እዚህ ግን ሁለቱም ጫፍ ይዞራል። ደግሞ የለመደው ዲሽ ፊቱ ከሚያይበት ይልቅ ወደ ላይ ነው የሚቀበለው። የሊንክ ዲሽ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ያየበትን ነው የሚቀበለው፤ በልማድ ካዘነበለው መሬት ያያል።

ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ከመግዛታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የመሣሪያውን ዓይነት ማረጋገጫም ጠይቁ፤ በተለይ ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ ሊያመጣላችሁ ከሆነ፣ ጉምሩክ ላይ ተይዞ ከማየት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ሬዲዮው ውስጥ የአገር ምርጫውን በትክክል ሙሉ። በራሳችሁ ሁለት ግቢ መካከል ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ለሰፈሩ መሸጥ ግን የቴሌኮም አገልግሎት ስለሆነ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሠርቼ ከወረድኩ በኋላ ምን ላስቀምጥ?

የመሣሪያው ሳጥን ክዳን ውስጥ ወረቀት ለጥፉ፦ የተሰላው ቁጥር፣ የተገኘው ቁጥር በሁለቱም ቻይንና በሁለቱም ጫፍ፣ ቻናሉ፣ ቀኑ። የዲሹንም ቦታ ፖሉ ላይ በማርከር አስምሩበት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊትና መስከረም ላይ፣ አንብባችሁ አወዳድሩ። ኔጌቲቭ 54 የነበረው 58 ከሆነ ገና ማንም ተጠቃሚ ሳይጮህ መሰላል ይዛችሁ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ የማርከሩን መስመር እዩ፤ ካልተላቀቀ ዲሹን አትንኩት፣ ዛፉን ለማየት ሂዱ።